የከዚራው መስኮት

የከዚራን ሰፈር በእግሬ የምዞረው አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት የድሬዳዋ ሰው ወንበሩን ወደ ደጅ ያወጣል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተተከሉት ዛፎችም ጥላቸው ለሁሉም ይበቃል። ባለፈው ሰሞን በአንዱ ቅያስ ሳልፍ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ የመስኮት መዝጊያ አየሁ። ከእንጨት የተሠራ፣ ከላይ እስከ ታች ስንጥር ስንጥር የተደረደረበት፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ነው። አጠገቡ ላስቲኩ ገና ያልተላጠ የአሉሚኒየም መስኮት ተጋድሟል።

በረንዳው ላይ የተቀመጡት እናት ሰላምታዬን ተቀብለው ዓይኔ የት እንዳረፈ ተመለከቱ።

«ምስጥ ጨረሰው ልጄ» አሉኝ። «የሚጠግንልኝ ባገኝ መች እነቅለው ነበር!»

ብድግ አድርጌ አገላብጬ አየሁት። ምስጡ የበላው የታችኛውን ጠርዝ ነው እንጂ ሌላው ደኅና ነው። ስንጥሮቹ ሁሉ ወደ ውጭ ዘንበል ብለው ተሰክተዋል። ከላይ የሚመጣውን ፀሐይ ይመልሳሉ፤ ነፋሱን ግን በመሐል በመሐላቸው ያሳልፉታል። ዝናብ ቢመጣ እንኳ ተንሸራትቶ ደጅ ይቀራል። የክፍሉ ጣሪያ ከፍ ያለ በመሆኑ ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በረንዳው ደግሞ ግድግዳውን ከቀትር ይጋርደዋል። አላፊ አግዳሚው «የፈረንሳይ ቤት» ይለዋል። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ሳስበው፣ ቤቱን የሠራው ሰው የዚህን አገር ሙቀት በደንብ አጥንቶታል አልኩ።

ከተማዋ ራሷ የአንድ ዳገት ልጅ ናት። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለመሐንዲሱ አልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት የባቡር መንገድ ከጅቡቲ ተነሥቶ መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ የታሰበ ነበር። ሐረር ግን ከተራራው በላይ፣ ከሜዳው ከ600 ሜትር የበለጠ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ሐዲዱን እዚያ ማውጣት እጅግ ከባድና ውድ ሆነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ቆላው ላይ ቆመ፤ ያቺ ማቆሚያ ለጊዜው አዲስ ሐረር ተባለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው ጣቢያው፣ መጋዘኑ፣ ጋራዡና የሠራተኛው ቤት እዚሁ ተሠርተው የሽመንደፈር፣ ማለትም የባቡሩ፣ መንደር ቆመ። ለገሃር የሚለው ቃል «ጣቢያው» የሚለው ፈረንሳይኛ እንደሆነ ሳናውቅ ያደግን ብዙዎች ነን።

እናት ቡና እየቀዱልኝ ያወሩኝ ነገር ነው ከሁሉ ያሳሰበኝ። ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ በሞት ከተለዩ ቆይተዋል። «ያኔ መስኮት ሲላላ፣ በር ሲጣመም ለሽመንደፈር አናጺ ይነገራል፤ በማግስቱ መጋዙን ይዞ ይመጣል» አሉኝ። ጋራዡ ቶርኖውም፣ አንጥረኛውም፣ አናጺውም የነበረበት ቤት ነው፤ የጎደለውን መለዋወጫ እዚያው ቀርጾ ያወጣ ነበር። ፉርጎውን የሚጠግነው እጅ ለካ መንደሩንም ይጠግን ኖሯል! ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው አሮጌው ባቡር ከቆመ፣ አዲሱም በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከከተማው ውጪ በተሠራ ጣቢያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ እነዚህ ቤቶች ያጡት ተሳፋሪውን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ «ቅርስ ነውና አትንኩ» ብሎ መሄድ ያስከፋኛል። በእርግጥ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገንና እንዳይለወጥ ይከለክላል፤ መከልከሉም ተገቢ ነው፤ ስንት በረንዳ በአንድ ሌሊት ፈርሶ አይተናል። ነገር ግን ምስጥ ለሚበላው መስኮት ወረቀት ምን ያደርግለታል? ለእኚህ እናት የሚያስፈልጋቸው የስንጥሩን ዘንበል የሚያውቅ አናጺና የእንጨቱን ዋጋ የሚያግዝ ሰው ነው። ከጋራዡ የወጡ ሽማግሌ ባለሙያዎች ዛሬም በየሰፈሩ ተቀምጠዋል። ከእያንዳንዳቸው አጠገብ ሁለት ወጣት ቢቀመጥ እንዴት ያለ ነገር ነበር!

«የሚሠራ ታውቃለህ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፣ ልነሣ ስል።

አላውቅም ነበር። የአሉሚኒየሙ ሠራተኛ የሚመጣው ከነገ ወዲያ መሆኑን ነግረውኝ መዝጊያውን በስልኬ አነሣሁና የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግሬ ወደ መጋላ ሰፈር ሄድኩ። ሦስት አናጺ ቤት ገባሁ። ሁለቱ «በር እንሥራልህ» አሉኝ። ሦስተኛው ገና ልጅ እግር ነው፤ ስልኬን ተቀብሎ ፎቶውን አሰፋው፣ መዳፉን ዘርግቶ አዘነበለው፣ እንደገናም ቀና አደረገው።

«በፎቶ አይሆንም ጋሼ» አለኝ። «ስንጥሩ የተሰካበትን ጎድጓዳ ማየት አለብኝ። ራሱን አምጣው።»

ጋሪ ለማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተነጋገርኩ።