የአገዳ መኪናና የጃፓን ሮቦት

«ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያበረከተው ተውኔት ነው። የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ተውኔት ውስጥ ለሰው ሠራሽ ሎሌዎች የሰጣቸው ስም ሲሆን፣ ሥርወ ቃሉ «ሮቦታ» የግዴታ የጉልበት ሥራ ማለት ነው። አያቶቹ የጌታ ሁዳድ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያሻውም።

ይህ የሎሌ ስም ውሎ አድሮ የልጆች ጀግና ሆነ። በጃፓን «ጋንዳም» የተሰኘው የካርቱን ፊልም በ1979 በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። በዓመቱ፣ በ1980፣ ባንዳይ የተባለው ኩባንያ 18 ሜትር ይረዝማል የተባለለትን ሮቦት 144 ጊዜ አሳንሶ፣ በፕላስቲክ ቁርጥራጭ መልክ ካርቶን ውስጥ አሽጎ፣ በ300 የን ገበያ ላይ አዋለው። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው።

ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ የላከልኝ ከእነዚያ አሮጌዎች አንዱን ነው። የዛሬዎቹ ያለ ሙጫ የሚገጥሙ፣ ቀለማቸውም አብሯቸው የሚመጣ ናቸው። አሮጌው ግን ለሠሪው ሥራ ይተውለታል። ቁርጥራጮቹን ከተያያዙበት ዘንግ መቁረጥ፣ ጠርዛቸውን መሞረድ፣ የእግሩን ሁለት ግማሽ በሙጫ አጣብቆ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ስንጥቁን መድፈን፣ በመጨረሻም ቀለም መቀባት አለ። ጣዕሙም እዚህ ላይ ነው፤ ፋብሪካው ያልጨረሰውን ሠሪው ስለሚጨርሰው፣ ከአንድ ዓይነት ካርቶን የወጡ ሁለት ሮቦቶች አይመሳሰሉም።

መካነ ሰላም ይዤው ስሄድ እናቴ፣ «ልጄ፣ ዓይንህን የምታጠፋው ለዚህ ነው?» አለችኝ። የእህቴ ልጅ ግን አገላብጦ አየውና፣

«ጋሼ፣ ይሄዳል?» ሲል ጠየቀኝ።

«አይሄድም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

መልስ አጣሁ። እሱ ከበቆሎ አገዳ የሠራት አይሱዙ ትሄዳለች። አገዳውን በጥርሱ ይልጣል፤ ልጣጩ ሚስማር፣ ነጩ ውስጡ ሣንቃ ይሆንለታል። ጎማዋ ካረጀ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ የወጣ ነው፤ መሪዋ ረጅም ሽቦ ነው። መመሪያ ወረቀት የላትም፤ መመሪያዋ ከደሴ የሚመጣው የጭነት መኪና ነው።

ለመሆኑ የዚህ ልጅ ጥበብ ከፈረንጁ በምን ያንሳል? ጃፓናዊው ኮ ዮኮያማ የታንክና የሌላም ሞዴል ቁርጥራጮችን ቀጣጥሎ የራሱን ሮቦቶች ሠራ። «ሆቢ ጃፓን» የተባለው መጽሔት ከ1982 ጀምሮ ሲያወጣለት ሥራዎቹ ታወቁ፤ ኒቶ የተባለ ኩባንያም በፕላስቲክ አምርቶ ሸጣቸው። የሥራው ዘዴ የእህቴ ልጅ ዘዴ ነው፤ ልዩነቱ ዮኮያማን «ሠሪ» ብሎ የሚጠራው ሰው መገኘቱ ነው።

በእኛ ዘንድ እጁ የሚሠራ ሰው ስሙ ሌላ ነበር። ቀጥቃጩ «ቡዳ»፣ ሸክላ ሠሪዋ «ጠይብ» እየተባሉ ሲገፉ ኖረዋል። ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ መቅደላ ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ ተጋድሟል። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ መድፍ ገደልና ሸለቆ አቋርጦ በ1868 አምባው ላይ የደረሰው በሰው ጉልበት ተጎትቶ ነው። የማቅለጡን ሥራ የመሩት ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ የጎተተው ያገሬው ሰው ነበር። ጥበቡ ከሌላ፣ ሮቦታው ከእኛ!

ይህ እንደማይዘልቅ የሚያሳይ ምልክት አልጠፋም። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2018 አዲስ አበባን ስትጎበኝ፣ ከሶፍትዌሯ ከፊሉን የሠሩት በ2013 የተቋቋመው የአይኮግ ላብስ ወጣቶች መሆናቸው ብዙ ሰው አስገርሟል። እኔን ያስገረመኝ የሰዉ መገረም ነው። ከእነዚያ ወጣቶች ስንቱ በልጅነቱ አገዳ ልጦ፣ ሽቦ ጠምዝዞ ይሆን?

የእህቴ ልጅ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ለፈተና ይቀርባል። ያን ጊዜ «ጨዋታ ይብቃህ» ይባላል፤ አይሱዙዋም ምድጃ ትገባለች። ለአገዳው አላዝንም፤ አገዳ በየዓመቱ ይበቅላል።