ክራሯን ሰማን፤ ትወናዋንስ?

እኛ የአቃቂና የቃሊቲ ልጆች አስናቀች ወርቁ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ክራሯ ነው። ድምፅዋ ከሬዲዮ ሲለቀቅ ትልልቆቹ ጨዋታ ያቋርጣሉ። ተዋናይት እኮ ነበረች ስንል ግን እኩዮቻችን «እንዴ! እሷ ደግሞ መቼ ተወነች?» ይሉናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጅ መድረክ መውጣቷ ነውር በነበረበት ዘመን የሴቷን ሚና ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱት ነበር። አስናቀች በ1940ዎቹ ዓ.ም. ያንን ቀሚስ ከወንዶቹ ተረከበች፤ የመጀመሪያዋ የቴአትር ተዋናይትም ተባለች። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤትም ሠርታለች። ስድቡና ሐሜቱ ግን አልቀረላትም።

መስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ ዘፈኖቿ በሸክላና በካሴት ቀሩልን። የመድረክ ሥራዋ አብዛኛው የቀረው ባዩት ሰዎች ዓይን ውስጥ ነው። እነዚያ ዓይኖች ደግሞ እያረጁ ነው።

ከአቃቂ መሀል ከተማ ድረስ ሄደው ቴአትር ያዩ እናቶችና አባቶች በየሰፈራችን አሉ። ምን ለብሳ ነበር? እንዴት አለቀሰች? ሕዝቡስ ምን አለ? ሳይመሽ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም እንጻፈው። «ተዋናይት ልሁን» ብላ ቤቷ የተቆጧት የሰፈራችን ልጅ ታንብበው።