ልጅ ይዞት የሚገባ ነገር

ልጅ ከሰው ቤት ይዞት የሚገባ ነገር ትንሽ ሆኖ አያውቅም። ከረሜላም ይሁን ቁራሽ ዳቦ፣ በልጁ መዳፍ ላይ ሁለት ቤቶች ይተያያሉ፤ የሰጠው ቤትና የሚቀበለው ቤት። ይህን የምለው ለመፈላሰፍ አይደለም። የፊታችን ቅዳሜ ልጄ ሰባት ዓመት ይሞላታል፤ ሃያ ልጆች ተጠርተዋል፤ ሲሄዱም በአዲስ አበባ እንደ ተለመደው እያንዳንዳቸው አንዳንድ ትንሽ ከረጢት ይዘው ይወጣሉ። በከረጢቷ ውስጥ ምን ይግባ? ከባለቤቴ ጋር ይህን ስንመክር ሁለት ሳምንት አለፈን። ለሠርጋችን እንኳ ይህን ያህል አልመከርንም።

እኔ የተወለድሁት ደጋ ዳሞት፣ ፈረስ ቤት ነው፤ ከደምበጫ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ የሚያደርስባት፣ ብርዷ ጋቢ የማያስጥል፣ ገብስና ድንች የሚበቅልባት ደገኛ ከተማ። በልጅነቴ እዚያ የልደት ቀኑን የሚያከብር ልጅ አላየሁም። የተወለድንበትን ቀን የሚያውቁት እናቶቻችን ነበሩ፤ እነርሱም በታቦት ይቆጥሩታል እንጂ በወረቀት አይደለም፤ «በሚካኤል ማግስት፣ ገብሱ ሲታጨድ» ይሉናል። ድግስ የሚደገሰው ለክርስትናችን ነበር፤ ለወንዱ በአርባ፣ ለሴቷ በሰማንያ ቀን። ባለ ድግሱ ግን ገና ጡት ላይ ስለሆነ ለእንግዳ የሚያስይዘው ነገር የለውም። በመላ አገሪቱ ወጥ የሆነ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው እንኳ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው።

ታዲያ ይህ ማለት ፈረስ ቤት ለልጅ የሚያስይዘው ነገር አልነበረውም ማለት አይደለም። ቡሄ ነበረና። ነሐሴ 13፣ ደብረ ታቦር። ጅራፉ ቀደም ብሎ ይገመዳል፤ ዋዜማውን ችቦ ይበራል፤ ከዚያ ሙልሙሉ ይደርሳል። በታቦር ተራራ የተገለጠው ብርሃን ሌሊቱን ቀን ስላስመሰለው እረኞች ከከብቶቻቸው ጋር ሜዳ ላይ እንደ ቆዩ፣ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው እንደ ወጡ ይተረካል። ስለዚህ ሙልሙል ከመነሻውም ደጅ ላለ ልጅ የተጋገረ ዳቦ ነው።

እናቴ ሊጡን ከማታው ታቦካለች። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፤ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ፤ ከላዩ ጥቁር አዝሙድ ጣል ይደረግበታል። ምጣዱ ዳር ቁጭ ብላ በጣቷ ትቆጥራለች፤ ይህን ያህል ለቤት ልጅ፣ ይህን ያህል ለክርስትና ልጅ፣ የቀረው ለጨፋሪ። ለጨፋሪው የሚሆነው ከማለቁ በፊት የቤት ልጅ ሁለተኛ እንዲያነሣ አይፈቀድለትም ነበር። ይህ ያኔ በደል ይመስለኝ ነበር።

ያለው የስንዴ ይጋግራል፤ የሌለው የገብስ ወይም ቅይጥ። ቅርጹ ግን አንድ ነው፤ መጠኑም ከልጅ መዳፍ ብዙ አይተርፍም። ከመካከላችን አንዱ ስልቻ ተሸካሚ ነው። ድምፁ ለአውራጅነት የማይሆን፣ ክንዱ ግን የጠና ልጅ ይመረጣል፤ ታማኝነቱም ይታያል፤ ከኋላ ከኋላ ሲሄድ ስልቻው ውስጥ እጁን የሚሰድ ከተገኘ በሚመጣው ዓመት ሹመቱ ይነሣበታል። ከየቤቱ የተሰጠን ሁሉ እዚያው ይጨመራል። ማታ ሜዳ ላይ ስንከፋፈል የሚደርሰኝ ሙልሙል ከዐሥር ጋሻ ባለ መሬት ቤት ይውጣ ወይም ከአንዲት ባሏ ከሞተባት ሴት ቤት፣ የማውቅበት መንገድ አልነበረም። አጋጣሚ ሆኖ ጠቆር ያለ ከደረሰን እንስቅ ነበር እንጂ «የእነ እገሌ ነው» የሚል አልሰማሁም።

ደግሞም በነጻ አልወሰድነውም። ሆያ ሆዬ ብለናል፤ ባለቤቱን በስሙ አሞግሰናል፤ በመጨረሻም ቤቱን መርቀናል። ሒሳቡ እዚያው ደጃፉ ላይ ይዘጋል። ማንም እናት «ለእነርሱ ልጅ ደግሞ ምን ልስጥ?» ብላ ሌሊት አትነቃም።

ሌላም ከረጢት ነበር፤ አኮፋዳ። ጎጃም የቅኔ አገር አይደል? ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ቤት ባለበት አገር የቆሎ ተማሪ ከደጅ አይጠፋም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል እማወራዋ ቤት ያፈራውን ትሰጠዋለች፤ ቁራሽ እንጀራ፣ ንፍሮ፣ አንዳንዴ ድንች። ለእርሱ ተብሎ የተለየ ነገር አይሠራም። ቤቱ ከሚበላው ነው የሚሰጠው። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ፣ የብዙ ቤት እንጀራ የተቀላቀለበትን አኮፋዳ የተሸከመ ልጅ ሊቅ ሆኖ ሲመለስ መንደሩ ሁሉ «የእኛ» ማለቱ ነው።

ወደ አዲስ አበባዋ ከረጢት ልመለስ። ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ ፊኛ፣ ፊሽካ፣ ከመርካቶ በጅምላ የተገዛች፣ በማግስቱ የምትሰበር መኪና። ነርስ የሆነች የባለቤቴ እህት ዝርዝሩን አይታ ግማሹን ሰረዘችው፤ ከአራት ዓመት በታች ላለ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ኦቾሎኒ ያንቃል፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ደግሞ የባሰ ነው አለች። እውነቷን ነው፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ሕግ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በፊኛ ሊታነቁ እንደሚችሉ ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አስገድደዋል። ፌስታሉም ቢሆን የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ካጸደቀው አዋጅ ወዲህ ቀኑ የጨለመበት ነው፤ ወረቀት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። የከበደኝ ሌላ ነው። አንዱ ቤት አሻንጉሊት ይከታል፤ ቀጣዩ ከዚያ ላለማነስ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ያስጻፈበት የውኃ መያዣ ይጨምራል፤ ሦስተኛው ምን ያድርግ? አምና ከልጄ ጋር አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ ለሦስት ልደት ተጠርታ ሦስቱንም ቀረች። እናቷ «አሟት ነው» ይላሉ፤ ልጅቷ ግን ሰኞ ጠዋት ግቢውን በሩጫ ታዳርሰዋለች። አንድ ቀን በር ላይ ልጆቻችንን ስንጠብቅ፣ ሕፃናቱ የማን ከረጢት ምን እንደ ነበረባት አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ሰማን። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉና መሬት መሬት አዩ። የልጃቸው ልደት ሐምሌ ላይ እንደ ነበረ ቆይቶ ከልጄ ሰማሁ። ማንም አልተጠራም።

ኔትወርክ በተገኘ ቀን ይህን ለእናቴ በስልክ አጫወትኋት። ልደቱ ራሱ ብዙም አልገባትም። ስለ ከረጢቷ ግን ወዲያው ገባት። «ልጄ፣ ያች እናት መመለስ የማትችለውን ነገር በልጇ እጅ አታስይዝባት» አለችኝና ስለ ድንቹ ዋጋ ማውራት ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ መለኪያዬ ይኸው ሆነ፤ ማንም ቤት ሊመልሰው የሚችል ነገር። ሙልሙል አልሁ። ባለቤቴ ሳቀች፤ «በጥቅምት ሙልሙል? ሰው ምን ይለናል?» አዲስ አበቤ ናት፤ ግን ጎጃሜ አግብታ ብዙ ነገር ችላለች። ስታስበው ግን ወደደችው፤ ቅቤም እንቁላልም ስለሌለበት የሚጾምም የማይጾምም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ ይበላዋል። ለፍልስፍናዬ አንዳች ግድ ሳይኖራት ጉዳዩን በምጣድ ፈታችው።

ሁለተኛው ነገር እርሳስ ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ። ልጄ ይህን ስትሰማ ለንቦጯን ጣለች። እርሳስ ስጦታ ነው እንዴ? ቤታችን ውስጥ ግን ሌላ ልጅ አለ። በ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በጦርነቱ ምክንያት በምዕራብ ጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ሳይከፈቱ ሲቀሩ ወንድሜ ልጁን ወደ እኔ ላከው። አሁን ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የመጣው አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ ነበር፤ ሁለት ልብስ፣ አያቱ የቋጠረችለት በሶ፣ በቢላዋ የተቀረጸች አውራ ጣት የምታህል እርሳስ። የሚማርበት ክፍል ሳይኖር እርሳሷን ለምን እንደ ያዛት አልጠየቅሁትም። ዛሬም ደብተሩ ውስጥ አለች፤ አይጽፍባትም፤ አይጥላትምም። እርሳስ ይግባ ስንል እርሱ የጠየቀው «ስንት ስንት?» ብሎ ነው። አንድ አንድ ስለው ሃያ እርሳስ በአንድ ቀን ከአንድ ቤት መውጣቱን በዓይኑ ሊያይ እንደሚፈልግ ተናገረ። መቅረጹንም በቢላዋ ካልሆነ አላምንም ብሎ መቅረጫውን ትቶታል። ልጄ አሁን ከጎኑ ተቀምጣ ፍቅፋቂውን ትሰበስባለች።

የቀረን አንድ ጉዳይ ነው። ያችንም ልጅ ጠርተናታል፤ ከሃያዎቹ አንዷ እርሷ ናት። ከቀረችስ? ባለቤቴ ድርሻዋ ይላክ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ቤታቸው ድረስ የተላከ ከረጢት ምጽዋት እንዳይመስል እፈራለሁ። ትናንት ማታ ይህን ስንከራከር የወንድሜ ልጅ ከእርሳሱ ላይ ቀና አለ።

«እኔ አደርሳለሁ። ሰጥቼ ግን ዝም ብዬ አልመለስም፤ ‹እማማ፣ ውኃ ያጠጡኝ› እላለሁ። ቆሎም ካላቸው እቀበላለሁ።»

ባለቤቴ «ሳይጠማህም?» አለችው።

«በሩጫ ነው የምሄደው። እስክደርስ ይጠማኛል።»