ለወላጅ ስብሰባ የማትጠራዋ አከራይ

በደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ባለችው ወገል ጤና «ነገ የወላጅ ስብሰባ አለ» ሲባል የብዙው ሰው ጥያቄ «ደግሞ ስንት አዋጡ ሊሉን ነው?» የሚል ነው። አይፈረድበትም። ለጥበቃ ደመወዝ፣ ለመቀመጫ፣ ለአጥር ሲያዋጣ ኖሯል፤ ብር ያጣው ድንጋይ አቅርቧል፣ ጉልበቱን ሰጥቷል። ከዚያ ውጭ የትምህርት ቤቱን በር የሚረግጠው ልጁ አጥፍቶ «ወላጅ አምጣ» ሲባል ነው። ከፋይ ወይም ተከሳሽ ሆኖ ብቻ የሚጠራ ሰው ትምህርት ቤቱን እንዴት የኔ ይበል?

ወረቀቱ ላይማ ሁሉም አለ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ማኅበረሰቡ፣ መምህራንና ተማሪዎች ባሉበት ቦርድ ወይም ኮሚቴ እንዲመሩ ይል ነበር። በ1999 የመጣው የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራምም ከአራት ዋና ዋና ጉዳዮቹ አንዱ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ነው። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አለ፣ ቀትስቦ (የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ) አለ፣ ቃለ ጉባኤና ማኅተም አለ።

ግን የትኛውን ወላጅ ነው የምናወራው? ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ልጅ ብዙው ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ሁለት ሦስት እየሆነ አንዲት ጠባብ ክፍል የሚከራይ ነው። ዓርብ ከሰዓት ባዶ ከረጢቱን አንግቦ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ እሑድ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን፣ ቆሎውን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። እናቱ ያንን ለማሰናዳት ቅዳሜን ሙሉ ምጣድ ላይ ውላለች። ከዚህ በላይ የወላጅ ተሳትፎ ከየት ይመጣል? በሪፖርት ላይ ግን ስንቅ የሚባል ዓምድ የለም።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ታዲያ ልጁን የምታየው አከራይዋ ናት። ስንቁ ረቡዕ ላይ ማለቁን፣ ልጅቷ ታማ ከክፍል መቅረቷን፣ ልጁ ደብተሩን ጥሎ ከኦፓል ደላሎች ጋር መዋል መጀመሩን ከርዕሰ መምህሩ ቀድማ ታውቃለች። ስብሰባ ግን አትጠራም፤ ወላጅ አይደለችማ!

ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ካነሳሁ አይቀር፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደላንታ ላይ ከተገኘ ወዲህ የትምህርት ቤት ተፎካካሪ ሆኗል። የሚገኘው በገደሉ ወገብ ላይ፣ ስስ በሆነ ንብርብር ውስጥ ነው፤ ወጣቱ በእጁ እየቆፈረ ይገባል፣ ዋሻው የተናደበትም አለ። መምህሩ ስለ ነገ ሲያወራ ደላላው ዛሬውኑ ብር ይቆጥራል። በቤቱ ችግር ያለበትን ልጅ ምክር ብቻውን አይመልሰውም።

አባቶቻችን ተማሪን የአገር ልጅ ማድረግ ያውቁበት ነበር። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም ቁራሽ የሰጠችው ሴት ሁሉ በትምህርቱ ድርሻ ነበራት፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን ዘንድ እንደሚማር ጠይቃ ታውቀዋለች። (የውሻውን ንክሻ፣ ረኃቡን፣ ሴት ልጆች በአብዛኛው አለመኖራቸውን ረስቼ አይደለም፤ ያ ዘመን ይመለስ የምል ሰው አይደለሁም።) ድግሪ የሌላት ሴት የትምህርት ባለድርሻ መሆኗን ግን ያኔ ማንም አይጠራጠርም ነበር።

እንደ አከራይዋ ሁሉ ገበሬውንም ስለ በልጉ ማንም አይጠይቀውም። በልግ በሚዘራበት ደጋ አዝመራው የሚደርሰው ከዓመቱ መጨረሻ ፈተና ጋር ተጋፍቶ ነው። ልጁ ቀረ ተብሎ ይጻፍበታል፤ አባትየው ደግሞ እህሉን ማን ይጨደው? መርሐ ግብሩ ሲወጣ ገበሬው ቢጠየቅ ኖሮ ቢያንስ በየትኛው ሳምንት ሰው እንደሚጠፋ ይናገር ነበር።

ጊዜው ደግሞ ከድሮውም የከፋ ነው። የ2013/14ቱ ጦርነት በሰሜንና በደቡብ ወሎ ስንቱን ትምህርት ቤት አፈረሰ፣ ዘረፈ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ባለው ግጭት በአማራ ክልል ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ሁለት ዓመት ያቋረጠን ልጅ በማስታወቂያ አትመልሰውም። የንስሐ አባቱ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ አከራይዋ ቤቱ ድረስ ሄደው «ምን ጎደለህ?» ካሉት ግን ምናልባት ይመለሳል።

እዚያው ወገል ጤና ያላችሁ መምህራን፣ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። ስብሰባውን ገጠሩ ሁሉ ከተማ በሚወጣበት በገበያ ቀን አድርጉት፤ አንዱን ስብሰባ እንኳ ያለ መዋጮ። ሁለተኛው፣ በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ከወላጅ ስልክ ሥር የአከራይ ስም የሚጻፍበት አንድ መስመር ይጨመር። ልጁ ሦስት ቀን ሲቀር መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ይሁን።