የናፍጣ ጎማ

ከሲያትል ወደ ምሥራቅ፣ ስኖኳልሚ ሸለቆ በሚገኝ እርሻ ቅዳሜ ዕለት የአንድ ማሴ ፈርጉሰን 135 የነዳጅ ጎማ ቀየርን። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣ ሞዴል ነው፤ ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ።

አሮጌው ጎማ ለዓይን ደህና ነው። አጠፍ ሲያደርጉት ግን ማሰሪያው አጠገብ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ናፍጣ እምብዛም አያንጠባጥብም፤ አየር ግን ይስባል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ነዳጁ ውስጥ አየር ከገባ ይንገጫገጭና ይጠፋል። ዛሬ እዚህ የሚሸጠው ናፍጣ ድኙ ቢበዛ ከሚሊዮን 15 እጅ (15 ፒፒኤም) ነው፤ ለሳንባችን ደግ ነው፣ የድሮ ላስቲክን ግን አንዳንዴ ያኮማትራል።

አዲሱን አስገብተን፣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን ቡሎን ላላ አድርገን የእጅ ፓምፗን ደጋግመን ገፋን። መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ናፍጣ። ሞተሩ ሲነሣ ደስታዬ ወሰን አጣ!

ትራክተር እወዳለሁ። ግን የአርሲው ጭላሎ ትዝ ይለኛል፤ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ባለመሬቶቹ ትራክተር ሲያስገቡ ስንት ጭሰኛ ካረሰው መሬት ተነቀለ! ይህን ሳላነሣ ስለ ትራክተር ማውራት አይሆንልኝም።

እንዲህ ያለ አሮጌ ትራክተር ያላችሁ፣ ትርፉን ናፍጣ የምትመልሰውን ቀጭን ጎማም አብራችሁ ቀይሯት፤ ዕድሜዋ እኩል ነው።