ከካርቲየ 7 ቢስ እስከ ቁልቢ፤ በእግር ለሚሄድ መንገደኛ

«ካርቲየ» በፈረንሳይኛ ሰፈር ማለት ነው። «ቢስ» የሚለውም ቃል ከቍጥር ኋላ ሲገባ «ዳግመኛ» ማለት ነው እንጂ፣ እኛ «ዕድለ ቢስ»፣ «መላ ቢስ» እንደምንለው የጕድለት ቃል አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንዳንድ ወዳጆቼ በጂቡቲ ከተማ በካርቲየ 7 ቢስ መኖሬን በሰሙ ጊዜ ስላዘኑልኝ ነው።

የቤቴ አከራይ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ናቸው። እኔም እንደ ሰፈሩ ልጆች «እማማ» እላቸዋለሁ። አንድ ልጃቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳይሰናበታቸው ወደ ኦቦክ ሄደ፤ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ተሻግሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁ ጠፋ። እማማም «የልጄን ድምፅ አሰማኝ እንጂ፣ ከድሬዳዋ እስከ ደጅህ በእግሬ እመጣለሁ» ብለው ለቁልቢ ገብርኤል ተሳሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ማታ ከሳዑዲ ዓረቢያ ስልክ ተደወለ። ድምፁ የልጃቸው ነበረ። እንግዲህ ስለቱ ዕዳ ሆነባቸው። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል፤ ጕልበታቸውንም ያማቸዋል። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ በቤታችን ስለት አይታወቅም ነበር፤ ቢሆንም ብቻቸውን ይሂዱ ለማለት አንጀቴ አልቻለም።

የመጀመሪያው መሰናክል የራሴ አማርኛ ነበረ። በእናቴ ቋንቋ በትግርኛ ለክብረ በዓል መጓዝ «ንግደት» ይባላል። እኔም በዚሁ ልማድ ተስቤ «ለንግድ ወደ ድሬዳዋ እሄድ ዘንድ ፈቃድ እንዲሰጠኝ» ብዬ ለመሥሪያ ቤቴ ጻፍሁ። አለቃዬም የመንግሥት ሠራተኛ መነገድ የተከለከለ መሆኑን በትሕትና ገልጸው ማመልከቻውን መለሱልኝ። «ለንግሥ» ማለት ይገባኝ ነበር። ቋንቋ ተማሪ ሆይ፣ አንዲት ፊደል ስምንት ቀን ፈቃድ ልታስከለክልህ እንደምትችል ከእኔ ተማር።

ቁልቢ በሐረርጌ ደጋ ላይ፣ ከድሬዳዋ ከስድሳ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይገኛል። ደብሩን የተከሉት ራስ መኮንን ናቸው፤ በ1888 ዓ.ም. ከተደረገው የዐድዋ ጦርነት ጋር የተያያዘ የእርሳቸው ስለት እንደ ነበረ ይነገራል። ራስም በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉት በዚሁ በቁልቢ ነው። ታላቁ ንግሥ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ይከበራል። ከጂቡቲ ለሚነሣ ሰው የታኅሣሡ እጅግ ይሻላል። በሐምሌ ጂቡቲ በኸምሲን ነፋስ ትነዳለች፤ ደጋው ደግሞ በዝናብ ይጨቀያል፤ ከምድጃ ወጥቶ ወደ ጭቃ መግባት ለሰውነት አይበጅም።

ዝግጅቱ ከአርባ ቀን በፊት ይጀመር። ጂቡቲ በባሕር ወለል ላይ የተዘረጋች ሜዳ ስለ ሆነች ዳገት የሚባል ነገር የለባትም። ስለዚህ እኔና እማማ በየማለዳው፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ እስከ አምቡሊ ሄደን እንመለስ ነበር። ከዚያም በሰፈሩ ባለ አራት ፎቅ ቤት ደረጃ ላይ ሦስት ጊዜ እንወጣና እንወርድ ነበር። የፎቁ ነዋሪዎች መጀመሪያ ሳቁብን፤ በኋላ ግን ውሃ ያቀብሉን ጀመር። ጫማን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፦ ለንግሥ አዲስ ጫማ አይገዛም። እኔ ይህን ምክር ለእማማ ሰጥቼ፣ ራሴ ግን በአዲስ ጫማ ሄጄ በሁለተኛው ቀን ተረከዜ ውሃ ቋጠረ። እርሳቸው አሮጌ የሸራ ጫማቸውን በወፍራም ካልሲ አድርገው ምንም አልሆኑም።

ባቡሩ የሚነሣው ከከተማው ውጭ ካለው ከናጋድ ጣቢያ ነው። የድሮው የሐዲድ መሥመር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበረ፤ ዛሬ የምንሳፈርበት የኤሌክትሪክ ባቡር ለመንገደኞች ሥራ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ ጠይቆ ማረጋገጥ፣ ፓስፖርትንና የመኖሪያ ፈቃድን በአንገት በሚንጠለጠል ከረጢት መያዝ ይገባል። በንግሥ ሰሞን ኪስ አውላቂም ተሳላሚ መስሎ ይመጣል።

ከድሬዳዋ እስከ ደንገጎ ያለው አቀበት የጕዞው ፈተና ነው። ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ቁልቢ ግን ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ነው። የባሕር ዳርቻ ሰው በዚህ ከፍታ ላይ ትንፋሹ ማጠሩን ሲያይ አይደንግጥ፤ እርምጃውን ያሳጥር፣ ደረቱን ከወጋው ግን ይቁምና መኪና ይሳፈር። እኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተን፣ ፀሐይዋ ከመክረሯ በፊት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጥላ ፈልገን አረፍን። መንገዱ ጠመዝማዛ፣ የጭነት መኪናውም ብዙ ስለ ሆነ፣ መኪናው ፊት ለፊት በሚታይበት ወገን መሄድ ያስፈልጋል፤ በጨለማም ነጠላን ከላይ መደረብ ነው፤ ነጭ ልብስ ለሹፌር ዓይን ይታያል። ከደንገጎ በስተ ግራ ያለው መንገድ ወደ ሐረር፣ በስተ ቀኝ ያለው ወደ ቁልቢ ይወስዳል። መንገዱን በሦስት ቀን መከፋፈል ለሽማግሌና ለባልቴት ይስማማል።

ጊዜው የነቢያት ጾም ስለ ሆነ ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ነው። በሶው በውሃ ሲበጠበጥ ጨውና ጥቂት ስኳር ይጨመርበት። መድኃኒት የሚወስድና ያለ ምግብ መዋል የማይችል ሰው አስቀድሞ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ይጠይቅ። ጋቢ ከሌለ ሌሊቱ አያስተኛም፤ የጂቡቲ ሰው ብርድን በወሬ ብቻ ስለሚያውቅ ይህን ምክር ይንቀዋል። ድንጋይ ተሸክመው የሚሄዱ ተሳላሚዎች አሉ። እማማም አንድ ድንጋይ አንሥተው ነበር። «እማማ፣ ስለቱ በእግር ለመሄድ ነው እንጂ ድንጋይ ለመሸከም አልተሳሉም» ብላቸው «ጠበቃ መሆን ነበረብህ» ብለው ወረወሩት።

በአቀበቱ አጋማሽ ላይ ተቀምጠን ሳለን አራት ልጆች ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ አየን። ሰው ሁሉ ወደ ቁልቢ ሲወጣ እነርሱ ይወርዱ ነበር። ትልቁ ከአሥራ ሰባት ዓመት አይበልጥም። በጀርባቸው ትንሽ ፌስታል እንጂ ስንቅ አልነበራቸውም። እማማ ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቋቸው «ወደ ጂቡቲ፣ ከዚያም ወደ ባሕሩ ማዶ» አሉ። «ጂቡቲ በእግር ስንት ቀን ይወስዳል?» ብለውም ጠየቁን።

እማማ መልስ አልሰጡም። ዳቦውን አውጥተው ቈረሱላቸውና ከአጠገባቸው አስቀመጧቸው። ልጃቸው በስልክ የነገራቸውን አንድ በአንድ ተረኩላቸው፦ ከዓሳል ሐይቅ ወዲያ ያለውን ውሃ የሌለበትን ድንጋይማ ምድር፣ በታጁራ በኩል የሚያልፈውን መንገድ፣ በኦቦክ ዳርቻ ያየውን የወጣቶች መቃብር፣ በጀልባው ላይ ያደረውን ሌሊት። አላለቀሱም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። በመጨረሻ ከእኔ ብዕር ተቀብለው የስልክ ቍጥራቸውን በአራት ቍራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ። «ብትመለሱ ደስ ይለኛል። ካልተመለሳችሁ ግን ካርቲየ 7 ቢስ ገብታችሁ እንጀራ የምትጋግረውን ባልቴት ጠይቁ፤ ሳትበሉ ወደ ኦቦክ አትሂዱ» አሏቸው።

ሁለቱ ከእኛ ጋር ወደ ላይ ተመለሱ። ሁለቱ ወረዱ።

በታኅሣሥ 18 ቀን ማታ ቁልቢ ደረስን። ሕዝቡ ብዙ ስለ ሆነ ከጓደኛ የሚለያይ ሰው የሚገናኝበትን ቦታ በቀን ይወስን፤ ሕፃን የያዘ ሰውም ስምና ስልክ ጽፎ በልጁ ልብስ ላይ ይስፋ። እማማ የተሳሉትን ጥላና ሻማ አስገቡ። በዚያ ቀን የሚታሰበው መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ማዳኑ ነው። እማማ ለብዙ ጊዜ ተንበርክከው ቈዩ፤ ከተነሡም በኋላ «ሦስቱ ሲወጡ ሁለቱ ቀሩብኝ» አሉኝ። ስለ የትኞቹ ልጆች እንደሚናገሩ ገባኝ።

ወደ ሰፈራችን ከተመለስን ወራት አልፈዋል። አሮጌው የሸራ ጫማ ታጥቦ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ከወረዱት ልጆች አንደኛው በየካቲት ወር ደውሎ በጂቡቲ የቀን ሥራ ማግኘቱን ተናግሯል፤ ሌላው እስከ ዛሬ አልደወለም። እማማ ለእርሱ ሁለተኛ ስለት ተስለዋል፤ ስልኩ ከጮኸ ለሐምሌ እንሄዳለን ብለዋል። ስለ ዝናቡና ስለ ኸምሲኑ ብነግራቸው አልሰሙኝም። እኔም የፈቃድ ማመልከቻዬን ከወዲሁ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ «ለንግሥ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።