ፎቶግራፍ ማንሣት ለሚወዱ ጓደኞቼ

ፎቶግራፍ ማንሣት የባለሙያ ሥራ ብቻ መሆኑ ዛሬ ቀርቷል። ከእኛ ከተማሪዎች መካከል የእጅ ስልክ ያለው ሁሉ ካሜራ አለው ማለት ይቻላል። ሆኖም ካሜራ የያዘ ሁሉ አስተውሎ ያያል ማለት አይደለም። ስለዚህ አገር መዞርና ተፈጥሮን ማንሣት ለምትሹ ጓደኞቼ፣ በጋይንት መንገዶች ስመላለስ ከተረዳሁት ጥቂቱን ለማቅረብ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ብርሃንን ማወቅ ያስፈልጋል። በቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ጥላው ቁልቁል ይወድቃል። ባርኔጣ የደፋ ገበሬ በስድስት ሰዓት ቢነሣ ዓይኑ በጥላ ይዋጣል፤ ተራራውም ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል። ከንጋት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ማታም ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ሸንተረሩ ከሸለቆው ተለይቶ ይታያል። እንዲሁም በበጋ መጨረሻ አቧራና ጭስ አድማሱን ይጋርዱታል፤ በመስከረም ግን ዝናብ አየሩን ስላጠበው ሩቁ ቅርብ ይሆናል። በጉና ተራራ ላይ ጅብራን የሚያነሣ ሰው በአጠገቡ አንድ እረኛ ቢያቆም የተክሉ ቁመት ላላየው ሰው ይገለጥለታል።

ሁለተኛ፣ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ ክርንን ከጎን አስጠግቶ ስልኩን በሁለት እጅ መያዝ፣ ሩቁንም በጣት ከማጉላት ይልቅ በእግር መቅረብ ይጠቅማል። ነገር ግን አገራችን ገደላም ስለ ሆነ ስልኩን እያዩ ወደ አፋፍ መራመድ አይገባም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ከማንሣት በፊት መጠየቅ ነው። የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ለሚያያት ክብ ናት፤ በውስጧ ግን አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ከውጭ ብቻ አንሥቶ የሄደ መንገደኛ ዋናውን ሳያይ ሄደ ማለት ነው። ሰውም እንዲሁ ነው።

ካሜራና ኃይል አብረው የተጓዙበት ጊዜ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሡ መሐንዲሶች ነበሩት። በዚያው ዓመት የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ፣ የሰባት ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁን፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች እመቤት በእንግሊዝ አገር አነሣችው። ያን ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር፣ አባትና አገር ያጣ ልጅ «አልነሣም» ለማለት ምን አቅም ነበረው እላለሁ።

ይህ ነገር በእኛም ቤት ደርሷል። ታላቅ ወንድሜ ከስማዳ ወጥቶ በስመ ጥሩው የቤተ ልሔም ጉባኤ ድጓ ይማራል። አንድ ቀን ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ሲለምን አንድ መንገደኛ አነሣውና ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ ሄደ። ወንድሜም «ቁራሹ የትምህርቴ ስንቅ ነው፤ ሰውየው ስንቁን እንጂ ትምህርቱን አላየም» አለኝ።

እኔ የኔታን አስፈቅጄ ሦስት ጠዋት ተመላለስሁ። በሦስተኛው ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትገባ፣ ወንድሜ ድጓውን ዘርግቶ ከፊደሉ በላይ በተጻፉት ደቃቅ የዜማ ምልክቶች ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ አነሣሁት። ፎቶግራፉን አሳትሜ ለእናታችን ወሰድሁላት። እርሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ጣቱን ብዙ ጊዜ ተመልክታ «ለካ የሚማረው እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር ኖሯል!» አለች። የልጇን ለምድማ ቀድሞም ታውቀው ነበር።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ሽማግሌ ስታገኙ «አባቴ፣ ላንሣዎ ይፈቅዳሉ?» በሉ። እምቢ ካሉ እጅ ነሥታችሁ እለፉ። ከፈቀዱ ስማቸውን ጻፉ፤ ሥራቸው ምን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ በተቻላችሁም መጠን አንድ ቅጂ መልሳችሁ አድርሱላቸው። የሩቅ አገር መንገደኛ ጊዜ የለውም፤ እኛ ግን እዚሁ ነንና ጊዜ አለን።